ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ከላቫጆ ሥራ የተገኘ ትምህርት

  ላቫጆ፣ ማለትም የመኪና እጥበት፣ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የሚገኝ፣ ብዙ ወጣት እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነው፤ ሆኖም መድረክ ላይ ቀርቦ ሲነገርለት እምብዛም አይሰማም። ብዙ ሰው ላቫጆ ሲባል የሚታየው ቱቦ የያዘ ልጅና መሬት ላይ የሚፈስ አረፋ ነው። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ እንዳሳለፈ ሰው፣ ከአረፋው ጀርባ ስላለው ዕውቀት ልነግራችሁ መጥቻለሁ።

ዓላማዬ አንድ ነው። ዛሬ በከፍተኛ ግፊት የሚያጥብ ማሽን ገዝቶ ሥራ መጀመር ቀላል መስሏል፤ ገንዘብ ያጠራቀመ ወይም እቁብ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማሽኑን ነው። እኔ ያየሁት ግን ሥራውን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም የውኃ አያያዝ መሆኑን ነው። ውኃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው በሥራው ይቆያል፤ ሌላው ማሽኑን ሽጦ ይወጣል። ይህንን ለማሳየት በመጀመሪያ ስለ ግፊቱ፣ ቀጥሎ ስለ ውኃው መምጫና መውጫ፣ በመጨረሻም የማሽኑን የውኃ መርጫ ሽጉጥ ስለሚይዘው ሰው እናገራለሁ። መካከለኛው ክፍል ረዘም ይላል፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ስላለ ነው።

እንግዲህ ከግፊቱ ልጀምር። በቤታችን ቧንቧ የሚመጣ ውኃ፣ ፈረቃው ደርሶ በደንብ ሲመጣ፣ ከ2 እስከ 4 ባር ግፊት ይኖረዋል። በላቫጆ የምንጠቀምባቸው ማሽኖች ደግሞ ከ100 እስከ 200 ባር ይሰጣሉ። ቁጥሩ ብቻውን ለብዙ ሰው ምንም ስለማይናገር በከተማችን ልክ ላስረዳ። ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ የውኃ ዓምድ ከታቹ 1 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ አቃቂ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ አንድ ወጥ ቧንቧ ተዘርግቶ በውኃ ቢሞላ፣ ታች አቃቂ ላይ የሚኖረው ግፊት ከ100 ባር ጥቂት ቢበልጥ ነው። አንድ ወጣት ቀኑን ሙሉ በእጁ ይዞት ከሚውለው ሽጉጥ የሚወጣው ውኃ በዚህ ኃይል የተገፋ ነው።

ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ባር ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ እኩል ሊጠይቅ የሚገባው «በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?» የሚለውን ነው። ግፊት ቆሻሻውን ከተጣበቀበት ያላቅቃል፤ ጠርጎ የሚወስደው ግን የውኃው ብዛት ነው። በ150 ባር ግፊት በደቂቃ 10 ሊትር ለማውጣት ውኃው ብቻ 2.5 ኪሎዋት ኃይል ይፈልጋል፤ በፓምፑና በሞተሩ የሚባክነው ሲታከልበት ከ3 ኪሎዋት ያልፋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 200 ባር ተጽፎበት ሞተሩ 1.5 ኪሎዋት ብቻ የሆነ ማሽን ካያችሁ፣ ከሽጉጡ የሚወጣው ውኃ ቀጭን ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ጭቃውን ይበታትነዋል እንጂ አይወስደውም፤ ልጁም አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

ስለ ግፊት ይህን ያህል ካልን፣ ንጽሕና በግፊት ብቻ እንደማይመጣም መታወቅ አለበት። የጀርመኑ የሄንክል ኩባንያ ኬሚስት ሄርበርት ሲነር እ.ኤ.አ. በ1959 እጥበትን በአራት ነገሮች ከፍሎ አስረድቷል፤ እነሱም ኬሚካሉ፣ ጉልበቱ፣ ሙቀቱና ጊዜው ናቸው። አንዱ ሲቀነስ ሌላው መጨመር አለበት። ላቫጆ ቤት ሙቅ ውኃ ብዙ ጊዜ የለም፤ ደንበኛውም ይቸኩላል፤ ስለዚህ ልጆቹ የጎደለውን ሁሉ በግፊት ሊሞሉት ይሞክራሉ። መኪና የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ከገጠር የመጣ ፒክአፕ ነው እንበል፤ ከጎማው በላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ዋልካ አፈር ደርቆ ተጋግሯል። ሽጉጡን አስጠግቶ ቢተኩስበት ጭቃው በቁራጭ ይፈናጠራል፤ አብሮት ያለው ጠጠር ቀለሙን ይቧጭራል። አዋቂው ልጅ ግን መኪናውን መጀመሪያ ጥላ ሥር ያስገባዋል። ጭቃውን በሰፊው በተከፈተ ውኃ ያርሰዋል፤ አረፋውን ከታች ወደ ላይ ይረጫል፤ ከዚያ ሌላውን ጎን እያረሰ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ አረፋው እንዲደርቅ ግን አይተወውም። ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥና ሲለሰልስ፣ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ርቆ በግማሽ ግፊት ቢመታው እንደ ሊጥ ተንሸራቶ ይወርዳል። ጨርቅ ቀለሙን የሚነካው ጠጠሩ ሁሉ በውኃ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ ጎማ የጠረገ ጨርቅ ደግሞ ወደ ኮፈኑ ፈጽሞ አይወጣም።

በሽጉጡ ጫፍ የሚገጠሙት ኖዝሎችም በቀለም የሚለዩት በምክንያት ነው። ቀዩ ውኃውን እንደ መርፌ ቀጥ አድርጎ የሚያወጣው፣ 0 ዲግሪ የሚባለው ነው፤ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ይከፍታል። በእኔ አስተያየት ቀዩ ኖዝል መኪና በሚታጠብበት ቦታ ባይኖር ይሻላል። በከተማችን ስቱኮ ተደርጎላቸው እንደገና ቀለም የተቀቡ መኪናዎች ብዙ ናቸው፤ ቀጥ ያለ ውኃ በቀለሙ ጠርዝ ሥር ከገባ እንደ ልጣጭ ያነሳዋል። የጎማው ጎንም እንዲሁ ነው፤ በቅርበት የተመታ ጎማ መጀመሪያ ቀለሙ ይለወጣል፣ ውስጡ ተጎድቶ ሲፈነዳ ግን ባለመኪናው መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር ላክል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ ላቫጆ በብዛት እየመጡ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ኮፈን ተከፍቶ «ሞተር እጥበት» አይደረግላቸውም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ወደ እነሱም ሆነ ወደ ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ውኃ አይተኮስም። ደንበኛው ቢጠይቅም በትሕትና እምቢ ማለት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ክፍል ልሻገር፤ ውኃው ከየት ይመጣል? የአዲስ አበባ ውኃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂና በሌሎች አካባቢዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ይከፋፈላል። ጎረቤት እናቶች በጄሪካን ተሰልፈው እያሉ፣ አጥር ግቢያችን ውስጥ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በመኪና ላይ እናፈስሳለን። ይህ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ባለላቫጆ የሆነ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል እላለሁ።

ሒሳቡን እንሥራ። በደቂቃ 12 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ለአንድ አውቶሞቢል 8 ደቂቃ ያህል ቢከፈት 96 ሊትር ይወስዳል። በቀን 30 መኪና የሚያጥብ ቤት 3,000 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሦስት ቀን ያቆየዋል ማለት ነው። ፈረቃው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ፣ የቀረውን ከቦቴ መግዛት ግድ ነው። ትርፍ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቦቴው ላይ ያልቃል። እንግዲህ ቁልፉ ያለው በእነዚያ 8 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሽጉጡ ሲለቀቅ ውኃው ይቆማል፤ ልጁ እያወራ፣ ስልክ እያነሳ፣ ወደ ሌላው ጎን እየዞረ ሳይለቀው ከቀረ 8 ደቂቃው 12 ይሆንና ወጪው በግማሽ ይጨምራል። ማሽን ሳይኖር በተራ ቱቦ የሚታጠብበት ቤት ደግሞ ቱቦው መሬት ላይ ተጥሎ ሲፈስ ይውላል።

ከሰማይ የሚመጣውስ? አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ላቫጆ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ውኃ ጣሪያው ላይ ይወርድለታል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 80,000 ሊትር ይቀራል። ጥሩ አሸንዳ፣ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውኃ የሚለይ ቧንቧና ተጨማሪ ሮቶ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የዝናብ ውኃ ሌላም ጥቅም አለው፤ በውስጡ የተሟሟ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው ሳሙና በቀላሉ ያረፋል፤ በጥቁር መኪና ላይ ሲደርቅም እንደ ጉድጓድ ውኃ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። ይህ ሁሉ ሀብት በየክረምቱ በአሸንዳችን ወርዶ ወደ ቦይ ሲገባ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ውኃ አመጣጥ ሳነሳ ከፍታችንንም መርሳት አልችልም። የምንኖረው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ይህ በሁለት መንገድ ይነካናል። በቤንዚን የሚሠራ ማሽን ሌላ አገር ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል፤ ሲገዛ ይህ ታስቦ መመረጥ አለበት። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ከመሬት በታች ከተሠራ ጋን ውኃ ስቦ እንዲያወጣ የሚገደድ ፓምፕ እዚህ ቶሎ ይታነቃል። ውኃው ውስጥ አረፋ ይፈጠርና ፓምፑ ውስጥ እየፈነዳ ብረቱን ይበላዋል። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ያ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሮቶውን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ መትከል፣ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ አጭርና ወፍራም ማድረግ፣ መግቢያው ላይ ማጣሪያ ማሰር። ቦቴ ያመጣው ውኃ አሸዋ ካለበት ያለ ማጣሪያ ቫልቩን በጥቂት ሳምንት ይጨርሰዋል።

ታዲያ ውኃው ወዴት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ከመኪናው የወረደው ውኃ ጭቃ፣ ሳሙና፣ ግራሶ፣ የተቃጠለ ዘይትና ሞተር የታጠበበትን ናፍታ ይዞ ወደ ቦይ ይገባል። ቦዩ ወንዝ ይገናኛል፤ ወንዞቻችን ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ፤ ሁለቱ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ገበሬዎች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ፤ አትክልቱ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ከዚያ በታች ቆቃ አለ፤ የአዳማ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃም ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ፣ በጅቡቲ ድንበር ባለው አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የጨመርንበት ሁሉ ወደ ባሕር ሳይሄድ በተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል።

ይህንን ለመቀነስ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። ወለሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ ውኃው በተርታ ወደተሠሩ ሦስት ጉድጓዶች ይገባል። የመጀመሪያው ውስጥ ጭቃና አሸዋ ይዘቅጣል። በሁለተኛው ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ዘዴው ያለው መውጫው ላይ ነው፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ቧንቧ ክርኑ ወደ ታች የተጠመዘዘ ስለሆነ ከመካከል ያለውን ውኃ ብቻ ይወስዳል፤ ዘይቱ ላይ ይቀራል፤ በየጊዜው ተጠልፎ በበርሜል ይጠራቀማል። ሦስተኛው የቀረውን አረጋግቶ ያወጣል። ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ አንድ የታጠፈ ቧንቧና ክዳን፤ ይኸው ነው። ጭቃው በየሳምንቱ ካልተዛቀ ግን ጉድጓዱ ሞልቶ ያለ ጥቅም ይቀራል። ሳሙናንም ጉድጓዱ አያስቀረውም፤ እሱን የሚቀንሰው መጥኖ መጠቀም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሌለው ላቫጆ ፈቃድ ሊያገኝ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስል የሥራ ባልደረቦቼ ወጪ እንደሚያሳስባቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት እንጂ ሲገኝ የሚሠራ አይደለም።

ሦስተኛው ክፍል ሽጉጡን ስለሚይዘው ሰው ነው። በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። በ150 ባር የሚወጣ ውኃ ቆዳ ይበሳል። ጣት ወይም እግር ቢመታ ላዩ ላይ የሚታየው ትንሽ ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ግን ውኃው ሳሙናና ቆሻሻ ይዞ በሥጋው መካከል ይሠራጫል። ልጁ «ምንም አይደለም» ብሎ ፕላስተር ለጥፎ ሥራ ይቀጥላል፤ እጁ ሲያብጥ ጊዜው አልፏል። እንዲህ ያለ ጉዳት ያገኘው ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድና በግፊት ማሽን መመታቱን ለሐኪሙ መናገር አለበት። እንዲሁም ነጠላ ጫማ አድርጎ እርጥብ ወለል ላይ በኤሌክትሪክ ማሽን መሥራት ይቅር። ረጅም የላስቲክ ቦቲ፣ መሬት የተቀበረ ኧርዝና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ከማሽኑ ጋር አብረው ይገዙ።

ክፍያን በሚመለከት፣ ብዙ ቤት ለልጆቹ የሚከፍለው ባጠቡት መኪና ልክ ብቻ ነው። ይህ አሠራር ጥድፊያን ያበረታታል፤ ከላይ የተናገርኩት ጥቂት ደቂቃ ጥበቃ በልጁ ዓይን የጠፋ ገንዘብ ይሆናል። መነሻ ደመወዝ ኖሮት በላዩ ላይ ከእያንዳንዱ መኪና ድርሻ የሚታሰብለት ሠራተኛ ይረጋጋል፤ «ነገ ይዘንባል» ብሎ ደንበኛ በሚቀርበት በሐምሌና በነሐሴም አይበተንም። በጥር የሠርግ መኪናዎች ሲጎርፉ የሠለጠነ ልጅ በእጃችሁ እንዲኖር ከፈለጋችሁ በክረምት ያዙት።

ለልጆቹ እንዲህ ለመክፈል ዋጋው በትክክል መተመን ስላለበት፣ ስለ ዋጋም ባጭሩ ልናገር። ዋጋ የሚተመነው ጎረቤት ላቫጆ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታይቶ ብቻ መሆን የለበትም። ውኃው፣ መብራቱ፣ ሳሙናው፣ ኪራዩ፣ የፓምፑ ዘይትና ጎሚኒ ሁሉ በአንድ መኪና ሒሳብ ውስጥ መግባት አለባቸው። ኖዝሉም እንዲሁ፤ ቀዳዳው በአሸዋ ተበልቶ ሲሰፋ ግፊቱ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ፓምፑ ሞተ ብሎ ገንዘቡን ለመካኒክ ያወጣል፤ የሚያስፈልገው ግን አንድ አዲስ ኖዝል ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ አብዛኞቻችሁ ላቫጆ የምትከፍቱ አይደላችሁም፤ መኪናችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ደንበኞች ናችሁ። ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናችሁን ስታስገቡ ከወንበሩ ተነሡና ውኃው የሚፈስበትን አቅጣጫ ተከትላችሁ ተመልከቱ። ባለቤቱን «ጉድጓዳችሁ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካሳያችሁ፣ ዋጋው ከሌላው በጥቂት ብር ቢበልጥም እዚያው ታጠቡ። ከሌለው፣ እንዲሠራ ንገሩትና እስኪሠራ ድረስ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ።